ፍሬሙ 80 ይላል፣ ጌሙ ግን ይቆራረጣል

ጥያቄ፦ «የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ሄርማታ ነው። ኮምፒውተሬ ኮር አይ5-10400ኤፍ ፕሮሰሰር፣ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ግራፊክስ ካርድ፣ አንድ ፍሬ 8 ጊጋባይት ራም እና ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ አለው። ጂቲኤ 5 ስጫወት ጥጉ ላይ ያለው ቁጥር 80፣ 85 ኤፍፒኤስ ይላል። ጌሙ ግን ይቆራረጣል። ቆሜ ስዞር ደህና ነው፤ መኪና በፍጥነት ስነዳ ይብሳል። ከ20 ደቂቃ በኋላማ ጭራሽ አያጫውትም። ካውንተር ስትራይክ 2 ላይም እንደዚያው ነው። አንዳንዴ ከሳጥኑ ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ፎርማት አስደርጌው ለአንድ ሳምንት ተሻለውና ተመለሰበት። አንዱ ኢንተርኔት ነው ይለኛል፣ ሌላው የመብራት ማነስ ነው ይላል። አንድ ጠጋኝ ደግሞ ግራፊክስ ካርዱን ቀይር አለኝ፤ ለሱ ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው። ልግዛ ወይስ ሌላ መፍትሔ አለ? ጌሙ ክፍት ሆኖ ያነሳሁትን የታስክ ማናጀር ፎቶ አያይዣለሁ።»

ካርዱን አትግዛ። ጥፋተኛው በላክኸው ፎቶ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ሜሞሪ፣ ማለትም ራሙ፣ 94 በመቶ። ዲስክ 100 በመቶ። ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ 61 በመቶ ነው፤ ሙቀቱም 71 ዲግሪ። ካርድህ አልደከመም። ከጉልበቱ ከሲሶው በላይ ሳይሠራበት ዕቃ እስኪመጣለት ይጠብቃል። ዕቃውን የሚያዘገዩበት ራሙና ሃርድ ዲስኩ ናቸው። ሲሚንቶ አልደርስ ብሎት የቆመን ግንበኛ በሌላ ጎበዝ ግንበኛ ብትቀይረው፣ አዲሱም እጁን አጣጥፎ ነው የሚቆመው።

ከጌሙ በፊት ግን የሚያስቸኩል ነገር አለ። ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ። በላዩ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚል የንባብ ክንድ አለ። ክንዱ የፈለገውን ቦታ ማንበብ ሲያቅተው ይመለስና እንደገና ይሞክራል። ድምፁ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው የሚመጣው። እንዲህ ማለት የጀመረ ዲስክ ስድስት ወር ሊቆይ ይችላል፤ ነገ ጠዋትም ሊሞት ይችላል። ተማሪ ነህ። የክፍል ሥራህ፣ ምናልባትም የመመረቂያ ጽሑፍህ እዚያ ላይ ነው። ዛሬ ማታ፣ ጌም ሳትከፍት፣ ፍላሽ ላይ ገልብጠው። አንድ ቅጂ ደግሞ በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ለራስህ ላክ። ከዚያ ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭነህ ክፈተው። ሰማያዊ ካሳየህ ዲስኩ ለጊዜው ደህና ነው ማለት ነው፤ ድምፁ ከቀጠለ ግን ሰማያዊውንም አትመነው። ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየህ የተበላሹ ቦታዎች እየበዙበት ነው። ያኔ ከታች የምነግርህ የኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ፣ ግዢ ግዴታ ይሆናል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ብዙ ሰው ኤፍፒኤሱ ከፍ ካለ ጌሙ መለስለስ አለበት ብሎ ያስባል። አንተንም ያሳሳተህ ይሄ ነው። ኤፍፒኤስ በአንድ ሰከንድ ስንት ምስል እንደመጣ ይቆጥራል። ምስሎቹ ተመጣጥነው ይምጡ ወይም ተንጋግተው ይምጡ አይነግርህም። ከጅማው መርካቶ ወደ ዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ የሚሄድ ባጃጅ እየጠበቅክ ነው እንበል። በሰዓት ውስጥ 60 ባጃጅ ያልፋል። በየደቂቃው አንድ ካለፈ ማንም አይማረርም። ግን 55ቱ ተከታትለው ካለፉ በኋላ መንገዱ ሩብ ሰዓት ጭር ቢልስ? ቁጥሩ ያው 60 ነው። መንገድ ዳር የቆመው ሰው ግን ክፍል አርፍዷል።

በቁጥር እንየው። በሰከንድ 60 ምስል ሲባል ለእያንዳንዱ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ይደርሰዋል። አሁን 79 ምስሎች በ750 ሚሊሰከንድ ውስጥ ተንጋግተው ወጡ እንበል። 80ኛው ብቻውን 250 ሚሊሰከንድ ፈጀ። ቆጣሪው 80 ብሎ ይጽፋል። አልዋሸም። አንተ ግን ሩብ ሰከንድ ሙሉ የቆመ ስክሪን አይተሃል። መኪናህ ግንቡን የገጨው በዚያች ሩብ ሰከንድ ነው።

ይህን በዓይንህ ለማየት ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን መለኪያ ፕሮግራም አብሮት ከሚመጣው ሪቫቱነር ጋር ጫን። ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ ካርድህ የሌላ ፋብሪካ ቢሆንም ይሠራሉ። ሴቲንጉ ውስጥ ገብተህ ፍሬምታይም የሚለውን፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል የፈጀውን ጊዜ፣ በግራፍ መልክ ስክሪኑ ላይ እንዲያሳይ አድርግ። 1 በመቶ ሎው የሚለውንም አብራው። ግራፉ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሎ ከሄደ ጌሙ ለስላሳ ነው። እንደ እሾህ ሽቅብ ብቅ ብቅ የሚል ነገር ካለው፣ እያንዳንዷ እሾህ አንተን የምታናድድህ አንዷ መቆራረጥ ናት። 1 በመቶ ሎው ደግሞ ከምስሎቹ ሁሉ የመጨረሻ የዘገዩት ከመቶ አንዱ እጅ በምን ፍጥነት እንደመጡ ይነግርሃል። አማካዩ 82 ሆኖ 1 በመቶ ሎው 18 ከሆነ፣ እጅህ የሚሰማው 18ቱን ነው። ከዛሬ ጀምሮ የምትከታተለው ቁጥር ይሄ ይሁን። ጂቲኤ ላይ አንድ መንገድ ምረጥ። በአንድ ዓይነት መኪና ለሦስት ደቂቃ ንዳና ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፍ። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ በዚያው መንገድ ድገመው። ሳይለኩ መቀያየር ገንዘብ መጣል ነው።

ራሙን እንይ። ዊንዶውስ ብቻውን ከ8 ጊጋባይቱ ሁለትና ሦስት ጊጋ ይወስዳል። ክሮም ከነታቦቹ ክፍት ከሆነ ሌላ አንድና ሁለት ይጨምራል። ለጌሙ የሚተርፈው ግማሹ ነው። ካውንተር ስትራይክ 2 በ2023 ሲወጣ አምራቹ ራሱ ዝቅተኛ ብሎ ያስቀመጠው 8 ጊጋባይት ነበር። ዝቅተኛ ማለት ይከፈታል ማለት ነው። ክሮምና ቴሌግራም አብረው ተከፍተው ይመቻል ማለት አይደለም። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ ጌሙን አይዘጋውም። ለጊዜው አይፈለግም ብሎ የገመተውን እያወጣ ሃርድ ዲስኩ ላይ ያስቀምጣል፤ ሲፈለግ ከዚያው ይመልሳል። ፔጅ ፋይል የሚባለው ይህ ነው። ቡናው ተቀድቶ ስኳር ሲያልቅ ልጅ ወደ ሱቅ እንደ መላክ ቁጠረው። እንግዳው ሲኒውን ይዞ ይጠብቃል። ጌሙም እንዲሁ ይጠብቃል።

ራሙ አንድ ፍሬ መሆኑም ሌላ ጣጣ አለው። ፕሮሰሰርህ ከራም ጋር የሚገናኝበት ሁለት መንገድ አለው። አንድ ራም ብቻ ሲሰካ አንደኛው መንገድ ባዶውን ይቀራል። በ2666 ፍጥነት የሚሠራ፣ ዲዲአር4 የሚባለው ዓይነት ራም በአንዱ መንገድ በሰከንድ 21 ጊጋባይት ገደማ ያስተላልፋል፤ በሁለቱ ሲሆን ወደ 42 ያድጋል። እንዲህ ስልህ ጌሙ እጥፍ ይፈጥናል ብለህ አትጠብቅ። አማካዩ ኤፍፒኤስ ትንሽ ብቻ ቢጨምር አትገረም። ትልቁን ለውጥ የምታየው የዘገዩት ምስሎች ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ከጅሬን አንድ ልጅ ያንተን የሚመስል ኮምፒውተር አምጥቶልኝ ነበር። ሁለተኛ ራም ሰክተን ያንኑ መንገድ ስንነዳ አማካዩ ከነበረበት ብዙም አልራቀም። ግራፉ ላይ የነበሩት እሾሆች ግን አብዛኞቹ ጠፉ። ልጁ ቁጥሩን ዞር ብሎም አላየው፤ በእጁ ገብቶታል።

ወደ ዲስኩ እንምጣ። ሃርድ ዲስክ አንድ ትልቅ ፊልም ስትገለብጥ ጥሩ ይሄዳል። ጌም ግን እንደ ፊልም አይነበብም። ከሺህ ቦታ ትንሽ ትንሽ ነው የሚለቃቅመው። ክንዱ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሄዶ ሳህኑ እስኪዞርለት ድረስ 10 ሚሊሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ለአንድ ምስል ያለህ ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው ብለናል። ሁለት ቦታ ከፈለገ የምስሉ ጊዜ አለቀ። ኤስኤስዲ የሚዞር ነገር የለውም። ያንኑ ሥራ የሚሊሰከንድ አንድ አሥረኛ በሚሆን ጊዜ ይጨርሰዋል።

«ቆሜ ስዞር ደህና ነው፤ መኪና በፍጥነት ስነዳ ይብሳል» ያልከው ለኔ ከፎቶው እኩል ጠቅሞኛል። ጂቲኤ 5 ከተማውን በሙሉ አንድ ላይ አይጭንም። አንተ በሄድክበት አቅጣጫ ሕንፃውን፣ መንገዱን፣ ዛፉን ከዲስኩ እያነሳ ከፊትህ ያነጥፋል። በእግርህ ስትሄድ ይደርስበታል። በመኪና ስትበር ዲስኩ ይቀደማል። የግራፊክስ ካርድ ድካም ቢሆን ኖሮ ቆመህ ብዙ ነገር ወዳለበት ስትዞርም በከበደህ ነበር።

20 ደቂቃውም ትርጉም አለው። ጌሙ ሲጀምር ራሙ ትንሽ ባዶ ቦታ አለው። ከሰፈር ሰፈር በተዘዋወርክ ቁጥር ይሞላል። 20 ደቂቃ ላይ አፉ ድረስ ሞልቶ ወደ ዲስኩ መገልበጥ ይጀምራል። ዲስኩ ደግሞ ከተማውን በማንበብ ተይዟል። ሁለት ሥራ በአንድ ክንድ። ፎርማት ለአንድ ሳምንት ያሻለህም በዚሁ ምክንያት ነው። ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚነሡት ፕሮግራሞች ጠፍተው ነበር። ፋይሎቹም ዲስኩ ላይ ሳይበታተኑ ተደርድረው ተጽፈው ነበር። እያደር ሁሉም ወደ ነበረበት ተመለሰ።

ኢንተርኔት ነው ያለህ ሰው ሁለት የተለያዩ ችግሮችን ቀላቅሏል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጂቲኤን ብቻህን በምትጫወትበት በስቶሪ ሞድ ክፈተው፤ ከተከፈተ በኋላ ኢንተርኔቱን አጥፋ። መቆራረጡ ከቀጠለ ኢንተርኔቱ የለበትም። የኢንተርኔት ችግር ሌላ መልክ አለው። ምስሉ ለስላሳ ሆኖ ሳለ ሰውየው ተመትቶ አይሞትም፤ ወይም አንተ ሮጠህ ካለፍክ በኋላ ወደ ኋላ ይጎትትሃል። ያኔ የፍሬምታይም ግራፉ ቀጥ ያለ ነው፤ የሚዘለው ፒንጉ፣ ማለትም መልእክትህ ሰርቨሩ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ፣ ነው። ካውንተር ስትራይክ ላይ ሁለቱም ሊደርሱብህ ይችላሉ። ሰርቨሩ ዱባይም ይሁን አውሮፓ ከጅማ ሩቅ ነው። ራም ብትጨምር ፒንግህ አይወርድም፤ ከኔ ያንን አትጠብቅ።

መብራቱንም እናንሳ። በማታ መብራት እንደሚደክም እኔም አውቃለሁ፤ የምሠራው እዚሁ ከተማ ነው። ግን የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ የሚገባለትን መብራት ቀይሮ ለውስጡ ዕቃ 12 ቮልት እያስተካከለ ይሰጣል። መስጠት እስከቻለ ድረስ ጌሙ ልዩነቱን አያውቀውም። ሲያቅተው ኮምፒውተሩ ይጠፋል ወይም ራሱን ያስነሳል። መሀል ቤት ቆሞ መንቀራፈፍ የላፕቶፕ ጠባይ ነው፤ ላፕቶፕ ከቻርጀሩ ሲነቀል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስቴብላይዘር ካለህ ግን ዕቃህን ስለሚጠብቅ አትተወው። በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር ገመዱን ከነሶኬቱ ንቀል። አንዳንድ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ጀርባው ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ አለው። የኛ መብራት 220 ቮልት ስለሆነ ሁልጊዜ 230 ላይ ይሁን። ወደ 115 ብትገፋው ሶኬት ላይ በሰካኸው ቅጽበት ይፈነዳል።

ጌም ቡስተር፣ ራም ክሊነር የሚባሉ ነገሮች ጭነህ ከሆነ አጥፋቸው። ራም አጸዳሁ የሚሉት በራም ላይ ያለውን ወደ ዲስክ በመግፋት ነው። ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ከሁለት ሰከንድ በኋላ ጌሙ ያንኑ ዕቃ ከዚያ ቀርፋፋ ዲስክ መልሶ ይጠይቃል። ቨርቹዋል ሜሞሪውን አጥፋው የሚልህም ይኖራል። በ8 ጊጋ ራም ያንን ካደረግህ ጌሙ ሳይነግርህ ይዘጋል። አትንካው። ከየቦታው የተጫነ ክራክ ጌም፣ ማለትም ሳይገዛ ቁልፉ የተሰበረ፣ ካለህም ጥርጣሬ ይኑርህ። ከጌሙ ጋር በድብቅ ገብቶ ፕሮሰሰሩን የሚያሠራ ቫይረስ በተደጋጋሚ አግኝቻለሁ። ጌም ሳትከፍት ፕሮሰሰሩ 40 እና 50 በመቶ ላይ የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ፈልገው።

አንድም ብር ሳታወጣ ያልኩህን መፈተን ትችላለህ። ጌሙን ሪዞሉሽኑን ወደ 1280 በ720 አውርደውና ያንኑ መንገድ ንዳ። ሪዞሉሽን ሲወርድ የሚቀለው ለግራፊክስ ካርዱ ነው። ካርዱ ጥፋተኛ ከሆነ መቆራረጡ በግልጽ ይቀንሳል። ምስሉ ደብዝዞ መቆራረጡ ያው ከሆነ ካርዱ ነፃ ነው። ሁለተኛው ፈተና ከዚህም ይበልጣል። ዶርም ውስጥ ወይም ሰፈር ዲዲአር4 ራም ያለው ዴስክቶፕ ያለው ጓደኛ አይጠፋህም። ለአንድ ምሽት አንድ ፍሬ ተዋሰው። ሰክተህ አንድ ሰዓት ተጫወት። ከዚያ ወዲያ የኔም የጠጋኙም ምክር አያስፈልግህም።

ስትሰካ ተጠንቀቅ። ኮምፒውተሩን አጥፋ፣ ገመዱን ንቀል፣ ከዚያ ማብሪያውን አምስት ሰከንድ ተጭነህ ውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ አውጣ። ቀለም ያልተቀባ የሳጥኑን ብረት በእጅህ ንካ። ራሙ መሀሉ ላይ ቆረጥ ያለች ቦታ አለችው፤ ከማዘርቦርዱ ጥርስ ጋር አስተያያት። ከገጠመች በሁለቱም ጫፍ ቀጥ አድርገህ ተጫን፤ ቀጭ ብሎ ይቆለፋል። ካልገጠመች አታስገድደው፤ የቀድሞው ትውልድ ዲዲአር3 ሊሆን ይችላል ወይም ገልብጠኸዋል። ማዘርቦርድህ አራት የራም ቦታ ካለው ከፕሮሰሰሩ በኩል ቆጥረህ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ስካ። ሁለት ቦታ ብቻ ካለው ምርጫ የለም፤ ሁለቱንም ሙላ።

ሙቀትን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፤ ምንም እንኳ ያንተ ካርድ 71 ዲግሪ ላይ ቢሆንና ይህ ካርድ እስከ 83 ድረስ ራሱን እያስተካከለ የሚሠራ ቢሆንም። የፕሮሰሰሩን ሙቀት ታስክ ማናጀር አያሳይም፤ ኤችደብልዩኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እየው። ያንተ ፕሮሰሰር 100 ዲግሪ ሲደርስ ፍጥነቱን በራሱ ይቀንሳል። ከ90 በላይ ከሆነ ጽዳትና በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሀል የሚቀባ አዲስ ፔስት ይፈልጋል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ወደ አንድ አምስተኛ በሚጠጋ መጠን የሳሳ ነው። ፋኑ በእያንዳንዱ ዙር የሚገፋው አየር ያንኑ ያህል ትንሽ ነው፤ ስለዚህ አቧራ እኛ ጋ ቶሎ ያስቀጣል።

የኛ አቧራ ደግሞ ደረቅ አይደለም። ብዙ ቤት ኮምፒውተሩ ያለው ሳሎን ውስጥ ወለል ላይ ነው፤ ቡናውም የሚፈላው እዚያው ነው። የከሰሉ አመድ፣ የዕጣኑ ጢስ፣ የሚቆላው ቡና ቅባት፣ የምንጣፉ ብናኝ አንድ ላይ ይሆናሉ። ፋኑን ስፈታው ክንፎቹ ላይ የማገኘው ቡናማ፣ ተለጣፊ፣ እንደ ስስ ጨርቅ የሚላጥ ነገር ነው። በብሎወር ብቻ አይለቅም። በለስላሳ ብሩሽ ማላቀቅ፣ ከዚያ መንፋት ነው። ስትነፋ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣትህ ወይም በእንጨት ያዘው፤ አለዚያ ከልክ በላይ ዞሮ መሽከርከሪያው ይበላሻል። በአፍህ አትንፋ፣ ምራቅ ይገባል። እርጥብ ጨርቅም አታስጠጋ። ሳጥኑን ከወለሉ ከፍ አድርገው፤ የጅማ በርጩማ ለዚህ ቁመቱ ልክ ነው። ቡና ሲፈላ ኮምፒውተሩን አጥፋው፤ ከተቻለም ሌላ ክፍል ይሁን።

አሁን ግዢው። ሁለት ዕቃ ነው የሚያስፈልግህ። አንድ ተጨማሪ 8 ጊጋባይት ዲዲአር4 የዴስክቶፕ ራም፣ እና አንድ ባለ 500 ጊጋባይት ገደማ ኤስኤስዲ። ዋጋቸውን ደምረህ ካየኸው ካርድ ጋር አወዳድረው፤ ልዩነቱን ራስህ ታየዋለህ። ለአንዱ ብቻ ገንዘብ ካለህና ክሪስታልዲስክኢንፎም ዲስኩ ላይ ካላስጠነቀቀህ ራሙ ይቅደም። ራሙ ሲሰፋ ወደ ዲስኩ የሚደረገው መገልበጥ ይቆማል፤ የተረፈውን ቦታም ዊንዶውስ ከዲስክ ያነበበውን ለማቆየት ስለሚጠቀምበት ዲስኩ ራሱ ይቀለዋል። ኤስኤስዲው ተከታይ ነው። ዲስኩ ካስጠነቀቀህ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል።

ሱቅ ስትገባ አሁን ያለህን ራም ነቅለህ ይዘህ ሂድ ወይም የላዩን ጽሑፍ ፎቶ አንሣ። ፍጥነቱ ተመሳሳይ ቢሆን ጥሩ ነው። 3200 የሚል ቢሸጥልህም ይሠራል፤ አንተ ጋ ሲሰካ ግን ወደ 2666 ይወርዳልና ለፍጥነቱ ተጨማሪ አትክፈል። ኤስኤስዲ ላይ መጀመሪያ ማዘርቦርድህ ኤም.2 የሚባለው፣ ኤስኤስዲ ያለ ገመድ የሚሰካበት ቦታ እንዳለው እይ። ካለው ኤንቪኤምኢ የሚባለውን ፈጣኑን ዓይነት ይቀበል እንደሆነ በሞዴሉ ስም ፈልገህ አረጋግጥ፤ አንዳንዱ ሳታ የሚባለውን ቀርፈፍ ያለውን ዓይነት ብቻ ነው የሚቀበለው። ከሌለው ተራው ባለ ሳታ ገመድ ኤስኤስዲ በሰከንድ 500 ሜጋባይት ገደማ ያነባል። ላንተ ችግር እሱም ከበቂ በላይ ነው፤ የኤንቪኤምኢ ፍጥነት ጌም ውስጥ የሚያመጣው ልዩነት ትንሽ ነው። ዊንዶውሱንና የምትጫወታቸውን ሁለት ጌሞች ኤስኤስዲው ላይ ጫን። ጂቲኤ ብቻውን ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሚወስድ ከ500 ያነሰ ቶሎ ይጠብብሃል። ፊልምና ሙዚቃ አሮጌው ዲስክ ላይ ይቆይ፤ የማያሳዝንህን ብቻ።

በዋጋው የሚያስደነግጥ ርካሽ ባለ 2 ቴራባይት ኤስኤስዲ ካየህ እለፈው። ውስጡ ትንሽ ሆኖ ትልቅ ነኝ የሚል ሐሰተኛ ዕቃ ገበያው ውስጥ አለ፤ ሲሞላ ፋይልህን ይበላል። ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን እስከ ጫፉ ሞልቶ ያነብልሃል። ከአዲስ አበባ በአውቶብስ የምታስመጣ ከሆነ ይህን ምርመራ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ እንድታደርግ ከሻጩ ጋር አስቀድመህ ተነጋገር። 350 ኪሎ ሜትር ርቆ የተገዛን ዕቃ ከሳምንት በኋላ መመለስ ያስቸግራል።

ዕቃው እስኪመጣ ግን ዝም ብለህ አትቀመጥ። ጌም ስትከፍት ክሮምን ዝጋው። ታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርትአፕ ከሚለው አብረው የሚነሡትን አጥፋ። ጂቲኤ ላይ ቴክስቸር የሚለውን ወደ ኖርማል አውርድ። በመጨረሻ ደግሞ ሪቫቱነር ላይ ፍሬሙን 60 ላይ ገድበው። ስክሪንህ በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ ባለ 60 ኸርዝ ከሆነ፣ የተማሪ ስክሪን አብዛኛው ነውና፣ ከ60 በላይ ያለውን ሙሉ ምስል አያሳይህም። ገደቡ ለፕሮሰሰሩ እፎይታ ይሰጠዋል፤ ምስሎቹም እኩል ይራመዳሉ። ቆጣሪው ከ85 ወደ 60 ሲወርድ የከሰርክ ሊመስልህ ይችላል። ግራፉን እይና ፍረድ።

ዊንዶውስ 10 ከሆነ የምትጠቀመው፣ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ፕሮሰሰርህ ዊንዶውስ 11ን ይችላል። ኤስኤስዲው ላይ እንደ አዲስ ስትጭን 11ን ጫን፤ በ8 ጊጋ ራም ላይ ግን አትጣደፍ።

ይህን ሁሉ አድርገህም የማይጠፋ መቆራረጥ አለ። አዳዲስ ጌሞች ፍንዳታን፣ ጭስን፣ አዲስ ሰፈርን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሳዩ ሼደር የሚባለውን፣ ብርሃንና ቀለም የሚያሰላውን ትንሽ ፕሮግራም፣ ለካርድህ እያዘጋጁ ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ላይ ይይዛል፤ ሁለተኛው ላይ አይደገምም። ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ባዘመንክ ቁጥር ዝግጅቱ እንደ አዲስ ይጀመራል። እሱን ራምም ካርድም አይፈታውም። ካውንተር ስትራይክ ላይ ከዝማኔ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች ኮምፒውተሩ ራሱ ከሚመራቸው ተጫዋቾች፣ ከቦቶች፣ ጋር ብቻህን ተጫወትና ይለፍ።

ካርዱ የሚቀየርበት ቀንም ይመጣል። ራሙ 16 ሆኖ፣ ጌሙ ኤስኤስዲ ላይ ሆኖ፣ ፍሬሙ ሳይገደብ ግራፊክስ ካርዱ 97 እና 98 በመቶ ላይ ቆሞ ኤፍፒኤሱ ካልበቃህ ያኔ ነው ተራው። በዚያ ቀን ያገለገለ ካርድ የምትገዛ ከሆነ ጂፒዩ-ዚ በሚባለው ፕሮግራም ፈትሸው፤ ስሙ የተቀየረ ሐሰተኛ ካርድን ለይቶ ይጽፍልሃል። እስከ መስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ድረስ ብዙ ካርዶች ሌት ተቀን ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ሲያመርቱ ኖረዋል፤ 1660 ሱፐርም ለዚያ ሥራ ተፈላጊ ነበር። ስለዚህ ፋኑ ሳይንገጫገጭ ለግማሽ ሰዓት ጌም ሲያጫውት ሳታይ ብር አትቁጠር። አሁን ግን የተዋስከውን ራም ሰክተህ ያንኑ መንገድ ንዳ፤ በፊትና በኋላ የጻፍካቸውን ሁለቱን የ1 በመቶ ሎው ቁጥሮች ላክልኝ።